ላቪኒያ የጻፈችው ቁጥር

ኡይሃ ደሴት፣ ማርች 4 ቀን 2024

ለልጄ ለኤሜሊኔ፣

በሰው አገር የሚጠብቅሽ አምላክ ይመስገን፤ ይህ ወረቀት በሙሉ ጤናሽ ያግኝሽ። እኔና ባለቤቴ ሱሊዬቲ አለን። ጎደሬው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ እሷም ምንጣፏን ትሸምናለች።

አድራሻሽን የሰጠችኝ እናትሽ ናት። ፓንጋይ ገበያ ተገናኝተን፣ "የአክስቴ ልጅ፣ እስቲ አንተ ጻፍላት፤ ለኔስ በዓመት አንዴ ነው የምትጽፈው" አለችኝ። ደውልላትም ብላኝ ነበር። እኔ ግን ቁጥር በስልክ ማውራት አልወድም፤ አንዱ አኃዝ ከተሳሳተ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ቁጥር ነውና እንዳትስቂብኝ። ላቪኒያዬ አንቺን ልትሸኝ በጀልባ ወደ ፓንጋይ የሄደችበት ጠዋት፣ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ አንድ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች። 3,139,417,427 ይላል። "አባዬ፣ ይሄ ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አካፋይ አለው?" አለችኝ። አየት አደረግኩት። መጨረሻው ሰባት ስለሆነ ሁለትም አምስትም አይገቡበትም። አኃዞቹ ሲደመሩ አርባ አንድ ስለሚሆኑ ሦስትም አይገባበትም። ለአሥራ አንድ ሲካፈል ሦስት ይተርፈዋል። "ብቸኛ ነው፣ በቃ ሂጂ" አልኳት። ሳቀችና፣ "እንዲህማ አይሆንም፤ አረጋግጥና ቅዳሜ ስመለስ አሳየኝ" አለች።

ቅዳሜ አልተመለሰችም፤ ፓንጋይም አልደረሰችም። ጀልባው ላይ ከነበሩት አምስት ሰዎች የሦስቱን አስከሬን ባሕሩ መለሰ። የኔን አልመለሰም።

ቀብር የሌለው ሰው ምን እንደሚሠራ አላውቅም። እኔ ማካፈል ጀመርኩ። ከእሑድ በቀር በየቀኑ ሁለት ብቸኛ ቁጥር እወስዳለሁ፣ ለሁለቱም አካፍላለሁ፣ ቀሪውን እጽፋለሁ። እስከ 56,030 ከሄድኩ ይበቃኛል፤ ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖረው ጓደኛው ከዚያ በታች መገኘቱ አይቀርምና። ወደ አምስት ሺህ ሰባት መቶ የሚጠጉ ማካፈሎች ናቸው። አሁን ሃምሳ ሁለት ሺህ አካባቢ ደርሻለሁ፤ አንድም አልገባበትም።

ችግሬ ይኸውልሽ። ባሕሩ ቤታችን የገባ ጊዜ የትምህርት ቤቱ የብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር ረጠበ፤ ከሃምሳ ሁለት ሺህ ወዲያ ያለው ገጽ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ሆነ። አንቺ ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዟ ነበርሽ። ከ52,000 እስከ 56,030 ያሉትን ብቻ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

አጎትሽ ኬሌፒ


ሚልዱራ፣ አፕሪል 21 ቀን 2024

ለአጎቴ ለመምህር ኬሌፒ፣

እርስዎንና አክስቴን ሱሊዬቲን በሰላም ያቆይልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የወይን ለቀማው ወቅት ነበር፤ ከንጋት እስከ ምሽት ማሸጊያ ቤት ነው የምውለው፤ እጄ ስኳር ብቻ ይሸታል።

ይህ ግን እውነተኛው ምክንያት አይደለም። ደብዳቤዎን ከአንድ ወር በፊት አግኝቼዋለሁ። መልስ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የጠየቁኝን ዝርዝር ልኬያለሁ፤ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ የተዘለለ የለም። ሒሳብ ግን ትቻለሁ፣ አጎቴ። እዚህ እንደመጣሁ ኮሌጅ ገብቼ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ወጣሁ። ለእናቴ አይንገሩብኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያንን ቁጥር ያን ያህል ዓመት ሲያካፍሉ ቀሪዎቹን መልሰው ያያሉ? ወይስ አንዴ የሠሩትን አይመለሱበትም?

ልጅዎ ኤሜሊኔ


ኡይሃ፣ ሜይ 20 ቀን 2024

ለልጄ ለኤሜሊኔ፣

ላደረግሽልኝ ነገር ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው። ዝርዝሩ በሰላም ደረሰ። ሱሊዬቲ ፖስታውን ስትከፍት ገንዘብ መስሏት ነበር፤ ቁጥር ብቻ ስታይ "ዘመዶችሽ ሁሉ እብድ ናቸው ማለት ነው" አለችኝ። እኔን በሴት አንቀጽ የምትጠራኝ ስትናደድ ነው።

የሠራሁትን አልመለስበትም። ብመለስ መቼ እደርሳለሁ? ዓይኔ ደክሟል። ስኳሬ ከፍ ካለ ሰባቱም አንዱም አንድ ይመስለኛል፤ አሁን በቀን አንድ ካካፈልኩ ትልቅ ነገር ነው።

ካቫ የምንጠጣበት ቤት ወንዶቹ ያሾፉብኛል። ባለ ጀልባው ሞሴሴ፣ "መምህር፣ ዛሬ ስንት ገደልክ?" ይለኛል። "አንድ" እለዋለሁ። "ዓሣ ቢሆን ኖሮ ሱሊዬቲ ጠብሳ ትበላው ነበር" ይላል፤ ይስቃሉ። ይሳቁ። ሞሴሴ ላቪኒያን አሥራ አንድ ቀን ባሕር ላይ የፈለገልኝ ሰው ነው፤ የፈለገውን ቢል አልቀየመውም።

ቁጥሩን እንደ ሰው አውቄዋለሁ። ካሬ አይደለም፤ ካሬ ቁጥር በሰባት አያልቅም። የሁለት ካሬዎች ድምርም ሊሆን አይችልም፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፈዋልና። የጥንት ሰዎች ቁጥርን በሦስት ይመድቡት እንደነበር አስተምሬአችሁ ነበር። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ልክ እሱን ካከሉ ሙሉ ነው፤ ከበለጡት ትርፍ፤ ካነሱት ጎደሎ። ብቸኛ ቁጥር ደግሞ ከራሱ ሌላ ያለው አካፋይ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከጎደሎም የመጨረሻው ጎደሎ ነው። ይህን ለሱሊዬቲ ስነግራት፣ "እንደኛ ቤት ነዋ" ብላ ወደ ምንጣፏ ዞረች።

አንዳንዴ ደስ የሚል ነገርም ያጋጥማል። ለ31,397 ሳካፍለው ቀሪው ድፍን አሥር ሺህ ወጣ። እንዲህ ያለ የተስተካከለ ቀሪ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ከሱ ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር ደግሞ 31,469 ነው፤ መሐሉ ሁሉ ባዶ ነው፤ ረጅም ባሕር ተሻግሬ ደሴት ያየሁ ያህል ተሰማኝ።

አሁን የምፈልገው አጉሊ መነጽር ነው፤ እጀታ ያለው፣ ወፍራም። እግሬ ላይ ትንሽ ቁስል አለችኝ፤ እሷ ምንም አይደለችም።

አጎትሽ ኬሌፒ

*ኤሜሊ፣ እኔ ሱሊዬቲ ነኝ። ፖስታውን እኔ ላሽግልህ ብዬው ነው ይህን የምጨምረው። ቁስሏ ትንሽ አይደለችም። ተረከዙን ይዛ ወደ ላይ እየወጣች ነው። ነርሷ ዋናው ደሴት ሆስፒታል ይሂድ ብላለች። "ቁጥሩን ሳልጨርስ ከዚህ አልነቃነቅም" ይላል። ወንድሞቹም ቄሱም ለምነውት እምቢ ብሏል። አንቺን ይሰማ ይሆናል።*


ሚልዱራ፣ ጁን 27 ቀን 2024

ለአጎቴ ለመምህር ኬሌፒ፣

ጤናዎን ይመልስልኝ። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ትልቅ ዜና አለኝ። ቁጥርዎን እዚህ ለሚያስተምር አንድ ሰው ሰጥቼው ነበር፤ በትልቅ ኮምፒዩተር ፈተሸው። በእርግጥ ብቸኛ ቁጥር ነው። አንድም አካፋይ የለውም፣ በእርግጥ። ስለዚህ ያን ጠዋት ለላቪኒያ የሰጧት መልስ ትክክል ነበር። ዘጠኝ ዓመት የደከሙበት ነገር በእርግጥ ፍሬ አግኝቷል፤ የቀሩትን መሥራት አያስፈልግዎትም።

አሁን እባክዎን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የመርከቡን ትኬት ለአክስቴ ልኬላታለሁ። በእግርዎ ላይ አይፍረዱ። ላቪኒያም ብትኖር በእርግጥ ይህንኑ ትልዎት ነበር።

ልጅዎ ኤሜሊኔ


ኡይሃ፣ ጁላይ 22 ቀን 2024

ለኤሜሊኔ፣

ስለ ጤናሽ እግዚአብሔር ይመስገን። መነጽሩ ደርሷል፤ አመሰግናለሁ።

ኮምፒዩተሩ ቀሪዎቹን ሰጠሽ? እኔ ለእያንዳንዱ ቀሪ አለኝ። አሥራ አራት ደብተር ሙሉ ቀሪ። አንቺ የላክሽልኝ አንድ ቃል ነው። ላቪኒያ "አረጋግጥ" አለችኝ እንጂ "ሰው ጠይቅ" አላለችኝም። ሁለት መቶ ስልሳ ይቀሩኛል፤ እጨርሳቸዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤሽን ሱሊዬቲ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። ተማሪዬ ሳለሽ ያልሠራሽውን የቤት ሥራ ሠርቻለሁ ለማለት ስትፈልጊ አንድ ቃል ታበዢ ነበር። "በእርግጥ ሠርቼው ነበር መምህር፣ በእርግጥ ቤት ረስቼው ነው።" በዚህ ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፈሽዋል።

ምን እንደደበቅሽኝ አላውቅም። ሽማግሌ ነው፣ ታሟል፣ እናባብለው ብላችሁ ከሱሊዬቲ ጋር ተማክራችሁ ከሆነ ልተወው። ግን እንዲህ ብቻ አይመስለኝም። ልጄ ከጀልባው በፊት በነበረው ምሽት ከአንቺ ጋር በስልክ ብዙ አውርታለች፤ ስትስቅ ሰምቻታለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ምን እንዳወራችሁ አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅኩሽም፤ መጠየቅ ፈርቼ ነው።

አሁን ዝርዝርም መነጽርም ትኬትም አልፈልግም። የምፈልገው ያንን ነው። ምን አለችሽ?

ኬሌፒ

*ኤሜሊ፣ ነርሷ ትናንት ከፓንጋይ መጣች። ሁለት ጣቶቹ ጠቁረዋል። እኔን ወደ ውጭ ጠርታ፣ "ከዚህ በኋላ እግር ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ደሙ ውስጥ ከገባ ሰውየውን ነው የምታጪው" አለችኝ። ቤቱ ሸትቷል። እሱ ግን በአጉሊ መነጽሩ ጎንበስ ብሎ ያካፍላል። እኔ ቀብር የሌለው ሐዘን አንዴ ችያለሁ። ደግሞ እሱን ቁጭ ብሎ ሲሞት ማየት አልችልም። የምታውቂው ነገር ካለ፣ መጥፎም ቢሆን ንገሪው። በእግርሽ ወድቄ ነው።*


ሚልዱራ፣ ኦገስት 5 ቀን 2024

ለአጎቴ ለመምህር ኬሌፒ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። ይህን የሚያመጣልዎት የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነው፤ ነገ ስለሚበር ፖስታ ቤትን አልጠበቅኩም።

ዋሽቼዎታለሁ። ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም። ኮምፒዩተርም ሰውም አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቁጥሩን የሠራነው እኔና ላቪኒያ ነን።

የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች ነበርን። እርስዎ ክፍል ውስጥ፣ "የትኛውንም ቁጥር አምጡልኝ፤ አካፋይ ካለው ሳይውል ሳያድር አገኘዋለሁ" ይሉ ነበር። ላቪኒያ፣ "አባዬ በጣም ኮርቷል፤ እንቀልድበት" አለችኝ። ከትምህርት ቤቱ ዝርዝር ላይ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ብቸኛ ቁጥር መረጥን፤ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ተቀምጠን አባዛናቸው። 31,397 ሲባዛ በ99,991። ሦስት ጊዜ አረጋገጥነው። ያን ምሽት በስልክ ስትስቅ የሰሟት፣ "ነገ ጠዋት ሻይ ሲጠጣ እሰጠዋለሁ፤ ፊቱን ብታዪው" እያለች ነው። ቅዳሜ ተመልሳ ሁለቱን ቁጥሮች ልታሳይዎት ነበር።

እርስዎ ያንን ወረቀት ይዘው እንደቀሩ አላውቅም ነበር። ሳትሰጥዎት ቀርታ በጀልባዋ አብሮ የሰጠመ መስሎኝ ነበር። የማርቹ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ማሸጊያ ቤቱ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በሜይ የጻፉልኝን ሳነብ ደግሞ ነገሩ የት እንደተበላሸ ገባኝ። የ31,397ን ገጽ ይክፈቱ። ሦስተኛው መቀነስ ላይ 311,144 ሲቀነስ 282,573 ይላል። ልኩ 28,571 ነው። ድፍን አሥር ሺህ ሊተርፍዎት የሚችለው 28,671 ብለው ከጻፉ ብቻ ነው። እኔን አይመኑኝ፤ እራስዎ ያካፍሉት።

ዘጠኝ ዓመትዎን በአንድ መስመር እየሰረዝኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ላለመንገር የማላደርገው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ቁጥሩ አልቋል፣ አጎቴ፤ እዚያ ደሴት ላይ የሚያስቀርዎት ነገር የለም።

ከጀመርኩ ልጨርሰው። በዚያው ምሽት ላቪኒያ፣ "ባሕሩ ከፍ ብሏል፣ ሞሴሴም አልሄድም ብሏል፤ ምናልባት አልመጣ ይሆናል" ብላኝ ነበር። እኔ፣ "ሳታይኝ አውሮፕላን ላይ ልወጣ ነው? ሌላ ጀልባ ፈልጊያ። ፈሪ" አልኳት። ፈሪ ነው ያልኳት። ከዚያ በኋላ ነው፣ "እሺ፣ እመጣለሁ" ያለችው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ በዓመት አንዴ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ኤሜሊኔ


ኑኩአሎፋ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2024

ለኤሜሊኔ፣

ሦስት ወር ሙሉ ስላልጻፍኩልሽ ረስቼሻለሁ ማለት አይደለም። አንዳንድ ቀን ስምሽን መስማት አልፈልግም ነበር፤ ሌላ ቀን ደግሞ ሱሊዬቲን፣ "ደብዳቤ መጣ?" እላታለሁ።

ዲያቆኑ ያመጣውን ሱሊዬቲ አነበበችልኝ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ አቀበለችኝና ወጣች፣ በመነጽሩ እራሴ ጨረስኩት። ከዚያ አካፈልኩ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አንድ። ቀሪ ዜሮ። እንደገና ሠራሁት። ዜሮ። አሮጌውን ደብተር አወጣሁ፤ ያልሽው ቦታ ላይ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት 28,671 ይላል። ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2021። ያን ቀን ምን ሆኜ ነበር ብዬ ብዙ አሰብኩ። ታምሜ ይሆን፣ አልቅሼ ይሆን፣ ሰው ጠርቶኝ ይሆን። ምንም አልነበረም። ጎደሬ ተክዬ ተመልሼ ነው የሠራሁት። ማክሰኞ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያካፈልኩት ሁሉ ከንቱ ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል። ደብተሮቹን ተሸክሜ ወጥቼ ዝናብ ላይ ጣልኳቸው። ሱሊዬቲ አንድ በአንድ ለቅማ አስገባቻቸው። አራት ቀን ከምንጣፌ አልተነሣሁም። በአምስተኛው ቀን አጠገቤ መጥታ ቆመችና፣ "ጨርሰሃል" አለችኝ። "የት ጨረስኩ?" አልኳት። "አካፋይ አለው ወይስ የለውም ነበር ጥያቄው። አለው። ልጅቷ የጠየቀችህን መልሰሃል። አሁን ተነሣ፣ ሞሴሴ ጀልባውን አቅርቧል።" ተነሣሁ። አቅፎ ጀልባው ላይ ያወጣኝ ሞሴሴ ነው፤ ያን ቀን አላሾፈም።

እዚህ ዋናው ደሴት ሆስፒታል እግሬን ከጉልበቴ በታች ቆርጠውታል። ሐኪሙ፣ በጁን ብትመጣ ጣቶችህን ብቻ ነበር የምትሰጠው አለኝ። በክራንች መሄድ እየተማርኩ ነው፤ እንደ ሕፃን እወድቃለሁ።

ስለ ጀልባው የጻፍሽውን አንዴ ነው ያነበብኩት። ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ መጻፍ ፈልጌ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ምናልባት ሌላ ጊዜ። ነገር ግን አንድ ነገር እወቂ። እኔም ያን ጠዋት በር ላይ ቆሜ ባሕሩን አይቼው ነበር። ሞሴሴ ያልሄደበትን ባሕር። "ዛሬ ቅሪ" ልላት እችል ነበር። "በቃ ሂጂ" ያልኳት ሻይዬን በሰላም ልጠጣ ብዬ ነው። ስለዚህ ያቺን ቃል ብቻሽን አትሸከሚያት።

ያን ቁጥር ዘጠኝ ዓመት ብቸኛ ስለው ኖርኩ። ለካ ሁለት ሆናችሁ ነው የሠራችሁት። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ከዚህ በኋላ አልጠይቅሽም። ሁለቱን ስትመርጡ የሷ የትኛው ነበር?

ኬሌፒ


ሚልዱራ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2024

ለአጎቴ ለመምህር ኬሌፒ፣

ያቆሙዎትን ሐኪሞች እግዚአብሔር ይባርክ። ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው ደብዳቤዎን ያነበብኩት፤ ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ።

ለእናቴ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። "ነይ" ብቻ አለችኝ። በጃንዋሪ እመጣለሁ። እርስዎ ካልፈቀዱ ኡይሃ አልሻገርም፤ ፓንጋይ እጠብቃለሁ።

ትንሹ የሷ ነው። የኔ 99,991 ነው፤ ከዝርዝሩ የመጨረሻውን የመረጥኩት እርስዎን ለማድከም ነበር። እሷንም ከሃምሳ ሺህ በላይ ምረጪ ብዬ ያዝኳት። እሷ ከአንድ ሺህ በታች ይሁን አለች። "እንዲያማ ከሆነ በአንድ ቀን ያገኘዋል፣ ምኑ ያስቃል?" አልኳት። ተጨቃጨቅን፣ ሠላሳ ሺህ አካባቢ ላይ ታረቅን። ዝርዝሩን ገልጣ ጣቷን 31,397 ላይ አደረገች፤ ወደ ፊት አንድ ገጽ ልገልጥባት ስል እጄን ያዘችኝ። "ተዪ፣ እዚህ ይብቃው" አለችኝ። "አባዬ ከጀመረ አያቆምም። ብዙ አናልፋው።"

ኤሜሊኔ